ከወንዛዬ ያመጣሁት ጭቃ

ኬላው ላይ ፈታሹ ከቦርሳዬ ጭቃ የተሞሉ ትንንሽ ብልቃጦች ሲያወጣ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የወንዛዬ ፍል ውኃ ጭቃ ነው።»

«ለምን ይሆናል?»

«ለጨብጥ መድኃኒት ፍለጋ።»

ጊዜው የዩኒቨርሲቲ መምህር ሁሉ በፖለቲካ የሚጠረጠርበት ነበር። የማሾፍበት መስሎት ደብረ ታቦር ወዳለ ማቆያ ላከኝ።

ክፍሏ ጠባብ ነበረች። ሲሚንቶው አጥንት ይሰብራል፤ የሽንቱ ባልዲ በሩ ሥር ተቀምጧል። የታሰርኩበትን ስነግራቸው እስረኞቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከአንበሳሜ የመጡ አንድ አረጋዊ ገበሬ ግን ጠጋ አሉኝ።

«ከጭቃ መድኃኒት ይወጣል?»

«አዎ አባባ። ከምናውቃቸው ብዙዎቹ የተገኙት አፈር ውስጥ ከሚኖሩ፣ በዓይን ከማይታዩ ነፍሳት ነው። ጨብጥ ግን የድሮዎቹን እየለመደ አልሞት አለ። አዲስ መፈለግ ግድ ሆነ።»

«እንግዲያስ የታሰረው ጭቃው ነው» አሉ። «አንተማ አጃቢ ነህ።»

በዚህም ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር፤ የሠርጉ ቀን ተቆርጦ ሳለ የታሰረ ባጃጅ ነጂ። ፀሐይ ልንሞቅ ስንወጣ አጠገቤ ተቀመጠ።

«መምህር፣ ስሸና እንደ እሳት ይለበልበኛል። ኪኒን ገዝቼ ዋጥኩ፤ ደግሜም ዋጥኩ። ወይ ፍንክች! እንዲህ ሆኜ እንዴት አገባለሁ?»

«ኪኒኑን ለምዶት ይሆናል። ሳትመረመር ሌላ እንዳትውጥ። ለእጮኛህም ንገራት፤ አብራችሁ ነው የምትታከሙት።»

«በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ምን ብዬ ልመርመር?»

ለጠባቂው «በሽተኛ አለ» ብቻ አልኩት። በማግስቱ ነርስ መጣች። በሩ ላይ ቆማ «የታመመው ማነው?» አለች። ወጣቱ አንገቱን ደፋ። አረጋዊው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ልጄ፣ እዚህ ያልታመመ የለም። እኔ ጉልበቴን፣ ያኛው ደረቱን። በየተራ ለብቻ እዪን።»

ሁላችንም ተሰለፍን። ማን ምን እንደነገራት ማንም አላወቀም።

ከወጣቱ የወሰደችው ናሙና ሆስፒታል ሲመረመር፣ የዋጠው ኪኒን ጀርሙን እንደማይነካው ታወቀ፤ መርፌ ተወጋ። እጮኛው ስንቅ ይዛ ስትመጣ ራሱ ነገራት። ተቆጥታ ሄደች። ከዚያ ታክማ፣ ስንቋን ይዛ ተመለሰች።

አንድ ጠዋት ከሽንት ቤት ሲመለስ ፊቱ በርቷል። አቅፎ አሽከረከረኝ።

«ምን አግኝቶ ነው?» አሉ አረጋዊው።

«ጤና።»

«ጤና ከተገኘማ!» ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ። ክፍሉ ጨፈረ። ጠባቂው «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ቢጮኽ ጭብጨባው ድምፁን ዋጠው።

በኋላ ሁላችንም፣ ጭቃዬም ጭምር፣ ያለ ክስ ተፈታን። ሠርጉ ላይ እኔና አረጋዊው ከሚዜዎቹ እኩል ስንጨፍር ዋልን።

ዛሬ ውጭ አገር አዳዲስ ኪኒኖች ብቅ ብቅ ማለት ጀምረዋል። እኛ ዘንድ እስኪደርሱ ግን እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም። ባለፈው ሳምንት የወንዛዬውን ጭቃ ከሞከርኩባቸው የላቦራቶሪ ሳህኖች በአንዷ ላይ የጨብጡ ጀርም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ አየሁ። መድኃኒት ይሁን አይሁን ገና አላውቅም፤ እንዲህ ተስፋ ከሚሰጠው አብዛኛው መንገድ ላይ ይቀራል። ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ወንድ ልጅ እልል አይልም ይባላል።

እልል አልኩ።