አማቴን በግንባሬ የወጋሁበት መስቀለኛ መንገድ

ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ጥሩወርቅን ባገባሁ በዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ትናንት እንኳ መነጽሬን ቤት ሙሉ ስፈልግ ውዬ ግንባሬ ላይ አገኘሁት። ይህን ግን መንገድ ለመሻገር በቆምኩ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

ያኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ከገበያው አጠገብ፣ አራት መንገድ ከሚገናኝበት ማዕዘን ላይ፣ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ነበራቸው። እኔም በረንዳቸው ላይ ተቀምጬ እሰፋለሁ። ጣሊያን መንገዱን ካሰፋው ወዲህ በዚያ ማዕዘን ካሚዮን የሚሉት የጭነት መኪና ይመላለስበት ጀመር።

የእኛ ሰው ደግሞ ለካሚዮን ብሎ ሰላምታ አያቋርጥም። ሁለት ሰዎች መንገድ መካከል ከተገናኙ እዚያው ቆመው ጤና ይጠያየቃሉ፣ ከዚያ ከብቱን፣ ከዚያ አዝመራውን። ሳይጨርሱ መሄድ ነውር ነው። ሾፌሩ ጡሩምባውን ሲነፋ ዞር ብለው አይተውት ይቀጥላሉ። በዚህ የተነሳ አንድ አህያ ሞቷል፤ የአንዲት ጠላ ሻጭ እግርም ተሰብሯል። እኔ ከበረንዳው ላይ ሆኜ፣ «ምን አለ ዳር ወጥተው ቢሳሳሙ?» እያልኩ እስቅባቸው ነበር። በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው መቼም አዋቂ ነው።

አንድ ቅዳሜ አማቴ አያ አድማሱ በቅሏቸውን እየሳቡ ብቅ አሉ። አገራቸው በደብረ ኤልያስ በኩል፣ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እንዳየኋቸው መቀሴን ጥዬ ሮጥኩ። የት ተገናኘን? ልክ አራቱ መንገድ መካከል ላይ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«ቀና በል ልጄ። እንዴት ከረምክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንዴት ከረሙ?»

«ይመስገነው። ላሚቱ ወለደች?»

አማት ሲናገር ቶሎ ቀና ማለት ድፍረት ስለሆነ አጎንብሼ ስለ ላሚቱ ማውራት ጀመርኩ። ጡሩምባ ተነፋ። አያ አድማሱ ጀርባቸውን እንደሰጡ፣ «ይጠብቅ፤ ሰው እየተሳለመ ነው» አሉ። እኔ ግን ከነበርኩበት ዝቅታ፣ በእግራቸው መካከል፣ ጎማ ታየኝ። ድንጋይ የጫነ ካሚዮን ቁልቁል እየተንሸራተተ ይመጣል፤ ፍሬኑ ይጮሃል እንጂ አይይዝም።

ለመናገር ጊዜ አልነበረም። በጎንበስኩበት ወደ ጎን ዞሬ እንደ ሙክት ሆዳቸውን በግንባሬ ወግቼ ወደ መንገዱ ዳር ገፋኋቸው። አማቴ በጀርባቸው ከዳር ባለው ቦይ ውስጥ ወደቁ፤ እኔም በላያቸው። በቅሎዋ ገመዷን በጥሳ ገበያውን አተራመሰችው። ካሚዮኑ ሲያልፍ ሱሪዬን ከኋላ ተርትሮት ሄደ። የከተማው ልብስ ሰፊ በአማቱ ፊት ቂጡን በእጁ ይዞ ቆመ።

አያ አድማሱ ካሚዮኑን ጨርሶ አላዩትም። ከጭቃው ተነሥተው ጋቢያቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«በገበያ መካከል፣ በግንባር?» አሉ ቀስ ብለው።

ላስረዳ ብል አልሰሙኝም። በቀጥታ ቤቴ ሄደው ጥሩወርቅን አስነሡና ይዘዋት አገራቸው ገቡ። አማቱን የመታ ሰው ሚስት አይገባውም ማለታቸው ነው።

በሦስት ሳምንት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ መለሷቸው። ቤቱ ጭር አለብኝ። አንድ ቀን ለደንበኛ እጀ ጠባብ ስሰፋ አንገቱን ደፍኜ አረፍኩት። ሐጂ ሰይድ ይህን አይተው፣ «ሂድና ድንጋይ ተሸክመህ ራስህ ይቅርታ ለምናቸው። እኔም እከተልሃለሁ» አሉ።

ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ ደጅ ይቆማል፤ የተበደለው «አውርድ» ሲለው ነው የሚያወርደው። አማቴ ደጅ ስንደርስ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ሞልቷል። እኔ፣ ልመናው ሊረዝም ይችላል ብዬ፣ አነስ ያለውን መርጬ አነሣሁ።

አያ አድማሱ ወጥተው አዩኝ። «ሐጂ፣ ይህ ሰው ይቅርታ ሊለምን ነው የመጣው ወይስ ወፍ ሊያባርር?»

ከጓዳ የሴት ሳቅ ሰማሁ። ጥሩወርቅ ናት። ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ድንጋዩን መልሼ ትልቁን ተሸከምኩ።

ሐጂ ሰይድ ያዩትን ተናገሩ። «አያ አድማሱ፣ እኔ ሱቄ ደጃፍ ነበርኩ። ጎማው ያለፈው እርስዎ በቆሙበት ላይ ነው። ልጁ ባይወጋዎ ዛሬ የመጣነው ለለቅሶ ነበር።»

አማቴ «እኔ በቆምኩበት ላይ?» ብለው ደግመው ጠየቁ። ሐጂ በአላህ ስም ማሉላቸው።

«እንግዲያ አውርድ አልለውም» አሉ አማቴ። «ይሸከምና ደብረ ማርቆስ ወስዶ ከመንገዱ ዳር ያኑረው። የሚሳለም ሰው ከድንጋዩ ወዲህ ሆኖ ይሳለም። ሚስቱንም ይዞ ይሂድ።»

ጥሩወርቅ ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች። «አባባ፣ መንገዱ አራት ማዕዘን አለው፤ ሦስት ይቀረዋል» አለች።

ሐጂ የመጡባት በቅሎ ላይ ድንጋዩን አልጫኑልኝም። የመጀመሪያውን ያን ቀን፣ የቀሩትን ከዚያው ከከተማው ዳር እየለቀምኩ አራቱንም አኖርኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አማቴ መጡና በድንጋዩ አጠገብ ቆመው፣ «ከዚህ ድንጋይ ወዲያ፣ መንገዱ ላይ ያልተሳለመ ነውረኛ አይባል» ብለው ለገበያተኛው ተናገሩ። የሳቸው ቃል ይከበር ስለነበር ሰው አንገቱን ደፍቶ እየተሻገረ ከድንጋዩ ወዲህ ይሳሳም ጀመር። ጣሊያኖቹም ማን እንዳኖረው ሳይጠይቁ ድንጋዮቹን ኖራ ቀቧቸው። እኔ ከዚያ በረንዳ እስክነሣ ድረስ በዚያ ማዕዘን ሰው ሲገጭ አላየሁም።

አማቴን በመውጋቴ ዛሬ አላፍርም፤ ደግሜም እወጋቸዋለሁ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ጥሩወርቅ እስክትሞት ድረስ አርባ ዓመት አብራኝ ስትኖር ብዙ ጥፋቴን ይቅር ብላኛለች። ያን ቀን ግን በጓዳው ቀዳዳ እያየችኝ ነበር፤ እሷን ለማስመለስ ስመጣ ከነበረው ድንጋይ ሁሉ ትንሹን መምረጤን አይታለች።