የማን ልጅ ነሽ?

ዛሬ ጠዋት ላምበረት መናኸሪያ አክስቴ ልጄን ሲመክሯት ሰምቼ ክው አልኩ።

ልጄ ብቻዋን ደሴ ልትሄድ ነው። «የማን ልጅ ነሽ ብለው ቢጠይቁሽ እንዳትናገሪ» አሏት።

እኔን በሷ ዕድሜ በዚያው መንገድ ሲሸኙኝ፣ «ገና ስትቀመጪ የማን ልጅ እንደሆንሽ ተናገሪ፤ ሰው ካወቀሽ አይጥልሽም» ነበር ያሉኝ።

ከድሮው ያልተቀየረው «ደብረ ሲናን ሳታልፊ ውሃ እንዳታበዢ» የሚለው ብቻ ነው።

ልጄ ገብታ ተቀመጠች። አጠገቧ ያሉት እናት ወዲያው «የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ እናት?» ሲሏት በመስኮቱ ሰማን። ኢርፎኗን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ፊቷን አዞረች።

አክስቴ «ጎበዝ» አሉ። ከዚያ በነጠላቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ።

የእናንተስ እናቶች ዘንድሮ መንገደኛ ሲሸኙ ምን ይላሉ?