ኖራ የተቀባው ግድግዳ

ጠዋት፣ በባቡር

ከሃይፋ የተነሳሁት ግድግዳ ልስል ነው። አፉላ ኢሊት በሚባለው የአፉላ ከተማ ዳገታማ ሰፈር የሚኖሩት፣ ያሳደጉኝ አክስቴ እትየ ብርቄ፣ የሳሎናቸውን ግድግዳ እርጥበት በልቶታል። ቀለሙ ተልጦ ቢጫና አረንጓዴ አውጥቷል። በልጅነቴ ተኝቼ እርጥበቱ ውስጥ ተራራ፣ በሬ፣ የሰው ፊት አይ ነበር። ሥዕል ያስጀመረኝ እሱ ነው ብል ውሸት አይሆንም። አሁን ስለ አሮጌ ቤቶች በሚዘጋጅ የሥዕል ትርዒት ላይ ይህንኑ ግድግዳ ላቀርብ ቃል ገብቻለሁ። ሕንፃው ይፈርሳል ስለሚባልም ቸኩያለሁ።

ባቡሩን ወታደሮች ሞልተውታል። ከጎኔ ያለው ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ያንኮራፋል። በመስኮት የታጨደ የስንዴ ማሳ ብቻ ነው የሚታየው፤ እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ ግድግዳው ጋ ነበር።

አፉላ

አውቶቡስ ጣቢያው ጋ ፈላፌል በላሁ። ባዶ እጄን እንዳልገባ የተቆላ ሱፍም ገዛሁ፤ የአፉላ ሰው ሱፍ ይወዳል። አውቶቡሱ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ።

እትየ ብርቄ በር ላይ ጠብቀው አገላብጠው ሳሙኝ። ገባሁና ክው አልኩ። ግድግዳው ነጭ ነው! ኖራው ገና ይሸታል።

ለካ በስልክ «ቤታችሁን ልስለው ነው» ስላቸው፣ ቤታቸው ሰው ፊት ሊቀርብ ነው ብለው፣ ከባላቸው ከአያ ደሴ ጋር በዚያ ዕድሜያቸው መሰላል እየወጡ ሲቀቡ ሰንብተዋል። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ ቤት ይለቀለቃል፣ ይቀባል። ይህን እንዴት እረሳለሁ?

«ውይ፣ ምነው አበላሻችሁት!» አልኩ።

ምነው አፌን በቆረጠው። አያ ደሴ ኖራ የደረቀበትን እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። እትየ ብርቄ ምሳ ሊያቀርቡ ወጥ ቤት ገቡ።

ይህም አልበቃኝም። ከምሳ በኋላ አየር ልቀበል ብዬ ወጥቼ የሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ ኖራ አልደረሰም፤ ልስኑ ረግፎ የዛገው ብረት አፍጥጧል። ወረቀትና የመሳያ ከሰሌን አውጥቼ ግድግዳውንም የእነሱንም በር፣ በሩ ላይ ያለውን ስማቸውንም ሳይቀር ሳልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

እትየ ብርቄ ሻይ ይዘው ከኋላዬ መቆማቸውን አላየሁም።

«ሰው ፊት የምታቆሚው ይኸን ነው?» አሉ።

«እትየ፣ ይኼ እኮ ያምራል።»

«አንች ስለምትሄጅ ነው ልጀ። ስማችንን ግን አትጻፊው።»

ፊቴ ጋለ። ስማቸውን እያዩኝ በጣቴ አበስኩት። ከሰል በጣት ሙሉ በሙሉ አይለቅምና በተሳለው በር ላይ ጥቁር ጭረት ሆኖ ቀረ።

ማታ፣ ሃይፋ

ሥዕሉን ቤቴ እስክገባ አልገለጥኩትም። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፤ የሚፈርስ ቤት የሚያምረኝ እኔ ስለማልኖርበት ነው። ያሳደገኝን ቤት ሰው እንደሌለበት ፍርስራሽ አየሁት። አፈርኩ፤ አሁንም አፍራለሁ። ትርዒቱ ላይ እንደማላቀርበው ወሰንኩ።

ይህንኑ ልነግራቸው ስል እትየ ብርቄ ቀድመው ደወሉ። በሰላም መግባቴን ጠየቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አያ ደሴ በተረፈው ኖራ ደረጃውን እየቀቡ መሆኑን ነገሩኝ።

«አሳፈርንሽ ልጀ» አሉ። «ሁለተኛ ስትመጭ ንጹሕ ይሆናል። ያኔ ከነስማችን ትስይዋለሽ።»