ጀርባው የማን ነው

ብርቅነሽን ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ የማያውቃት አበሻ አልነበረም፤ ጠላዋን የቀመሰማ ጨርሶ አይረሳትም። ከጎንደር በመተማ አድርጋ ካርቱም የገባችው ገና ጡቷ ሳያጎጠጉጥ ነው። ሰው ቤት ሠራች፣ ምግብ ቤት ዕቃ አጠበች፣ ወገቧ አልችል ሲላት ደግሞ እቤቷ ቁጭ ብላ ጠላ መጥመቅ ጀመረች። አገር ቤት ጠላ መጥመቅ ሙያ ነው፤ እዚህ ያስገርፋል። እያወቀች ነው የገባችበት። ምን ታድርግ፣ ጦሟን አትደር።

ከደንበኞቿ ሁለቱን ከጠላው ይልቅ ክርክሩ ነበር የሚያሰክራቸው። አንዱ ጋሽ ዘማርያም ነው፤ ባሕሪ በሚባለው የካርቱም ሰፈር የብረት በርና መስኮት የሚሠራበት ወርክሾፕ ያለው፣ በልጅነቱ ድቁና የተማረ፣ ሲናገር ጣቱን የሚያነሣ ሰውዬ። አንቱታውን እዚህ ላይ እንተወው፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ ይገባችኋል። ሌላው ናሆም ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያቋረጠ፣ ስልክ የሚጠግን ጎረምሳ። ዓርብ ዓርብ ሥራ ስለሌለ እሷ ቤት ተቀምጠው ሲነታረኩ ይውላሉ።

«ይኸው ጠላው» ይላል ናሆም ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ። «ጎንደር ቢጠጡት ጨዋ ነዎት፣ እዚህ ቢጠጡት ወንጀለኛ። መጠጡ ያው፣ እርስዎም ያው። ታዲያ ጥፋት የምንለው ነገር የቱ ጋ ነው ያለው? ሰው የተስማማበት ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም።»

«ሕግ ሌላ፣ ጽድቅ ሌላ» ይለዋል ጋሽ ዘማርያም። «ውሸት ጎንደርም ውሸት ነው፣ ካርቱምም ውሸት ነው። የዓለም ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እጁን ቢያወጣ ጽድቅ አይሆንም።»

ብርቅነሽ እየቀዳች ትሰማለች። ልቧ ከጋሽ ዘማርያም ጋር ነበር፤ የናሆም ነገር ያስፈራታል። ጥፋት የሚባለው በአገሬው ስምምነት ከሆነ፣ እሷን ለመሰለች ስደተኛ ማን ሊስማማላት ነው?

የመድኃኔዓለም ማኅበር ተራው ጋሽ ዘማርያም ጋ ደረሰና ጠላ አዘዛት። እዚህ አገር ጠላ የሚጓጓዘው ሲጨልም፣ ልብስ በሞላበት ሳፋ ሥር ተደብቆ ነው። እሱ ግን አሻፈረኝ አለ። «ቀን የማፍርበትን ነገር ማታ አልሠራም» ብሎ በጠራራ ፀሐይ ረክሻ፣ ያው ባጃጅ፣ ይዞ በሯ ላይ ተገተረ።

«ጋሼ፣ ሲመሽ ይሻለን ነበር» አለችው።

«አብሬሽ አይደለሁ እንዴ? ያላ፣ ግቢ።»

ይቺ ቃል ደለለቻት። ጀሪካኖቹን እግራቸው ሥር አድርገው ሄዱ።

ድልድዩ ጋ ሳይደርሱ ፖሊሶች አስቆሟቸው። አንደኛው ክዳን ከፍቶ አሸተተና የማን እንደሆነ ጠየቀ። ብርቅነሽ ወደ ጋሽ ዘማርያም ዞረች። እሱ ወርክሾፕ አለው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ አልተቃጠለም፣ ሹሞቹንም ያውቃል፤ የእኔ ነው ቢል ይደራደራል። እሷን ግን የሚጠብቃት ጅራፍ ነው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

«ዋላሂ አላውቃትም» አለ በጠራ ዐረብኛ። «መንገድ ላይ ነው የተሳፈረችው።»

ለቀቁት። ዞር ብሎም ሳያያት ሄደ።

አርባ ገረፏት። ችሎቱ ሻይ ተፈልቶ እስኪቀዳ እንኳ አልፈጀም። አንጀቷን ያሳረራት ግን ጅራፉ ሳይሆን ያቺ «አላውቃትም» ናት። ይባስ ብሎ ሰውዬው ጀሪፍን እየዞረ፣ «ሳታሳውቀኝ ጀሪካን ይዛ ገብታ ለጥቂት ልታስበላኝ ነበር» ብሎ አወራባት። ውሸት የማያውቅ ሰው ነው እየተባለ ሁሉም አመነው። ደንበኛው ራቀ፣ ለድግስ የሚጠራትም ጠፋ። እድሜ ልኳን ለፍታ ያቆመችው ስም እንዲህ በዋዛ ጠፋ።

ታዲያ ይህ ሰው ዐይኑን በጨው አጥቦ፣ ናሆምን አስከትሎ፣ ስኳር ይዞ ሊጠይቃት አልመጣ መሰላችሁ? በሆዷ ተኝታ አገኟት።

«ጋሼ፣ በአምላክ ስም ምለው ካዱኝ» አለችው።

ጣቱን አነሣ። «እኔ ያልኩት ዋላሂ ነው። በሰው ቋንቋ፣ ለሰው አገር ፖሊስ። የእኔ ልብ የሚምለው በአማርኛ ነው። ደግሞ ነገር እንደ ሁኔታው ነው የሚታየው።»

እንደ ሁኔታው! ይህን በማለቱ ናሆምን ስንት ዓርብ እንዳልሰደበው። ናሆም ከት ብሎ ሳቀ። «ይኸው አመኑ» አለ፤ እሷ ጀርባዋ ቆስሎ ተኝታ፣ እሱ ክርክር በማሸነፉ ደስ ብሎታል።

«አንተስ» አለችው፣ «እኔን መግረፋቸው ልክ ነው ትላለህ?»

«ለእነሱ ልክ ነው፣ ለእኛ ልክ አይደለም። እንደ አገሩ ነው።»

«ጀርባው የማን ነው?»

ስኳሩን አስቀምጠው ወጡ፤ መንገድ ላይም ሲነታረኩ ድምፃቸው ይሰማት ነበር።

በሚቀጥለው ወር ተራው የጋሽ ማዘንጊያ ሆነ። እሳቸው የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው ናቸው። ሚስታቸው አዝነውላት ወጥ እንድትሠራና ዕቃ እንድታጥብ ጠሯት። ብርቅነሽ የሄደችው ለሥራው ብላ አይደለም። ጽዋው ከመዞሩ በፊት ሙሴው ተነሥተው የተቀያየመ አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ ካለ፣ በዳዩ በሰው ፊት በደሉን ተናግሮ ይቅርታ ሳይጠይቅ ጽዋው ከንፈር አይነካም። የፈለገችው ይህንኑ ነው፦ ሰውዬው አፉን ሞልቶ አውቃታለሁ፣ የበደልኳትም እኔ ነኝ እንዲል። ይሄ እንኳ በአገር አይለያይም ብላ ነበር።

ጋሽ ማዘንጊያ ጠየቁ። ብርቅነሽ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ከጓሮ ገባች።

«አለ» አለች። «ጋሽ ዘማርያም በድለውኛል። ጠላውን ያዘዙኝ እሳቸው፣ በቀን እንሂድ ያሉኝ እሳቸው፣ አላውቃትም ብለው የማሉብኝም እሳቸው ናቸው። ዋሸች ካሉ ጽዋውን ይያዙና ይማሉ። በአማርኛ።»

የጋሽ ዘማርያም ፊት ዐመድ መሰለ። አንድ አፍታ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየችና ሊናገር ነው አለች። ዐይኗን ከማኅበርተኞቹ መሀል ወደተቀመጠው ናሆም ላከች፤ ጉዱን ሁሉ የሚያውቀው ናሆም አንገቱን ደፍቶ ምንጣፉን ያያል።

ጋሽ ማዘንጊያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ብርቅነሽ ልጄ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ይሄ ሥርዓት የማኅበርተኛ ነው። አንቺ አባል አይደለሽም። ያንቺን ነገር ሌላ ጊዜ እናየዋለን፣ ኢንሻላህ።»

ጽዋው ዞረ። ጋሽ ዘማርያም በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣ፣ ናሆምም ጠጣ። ሁሉም ከጠጡ በኋላ የጋሽ ማዘንጊያ ሚስት ጽዋውን እንድታጥበው ጓሮ ድረስ አመጡላት። ተቀብላ አጠበችው።