የደከመ ልብ

የታላቅ እህቴን ባል ሁላችንም መሮ ነው የምንለው። አናጢ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ምላሱም እንደ መሮ ስለሚበሳ ነው። ሰው ቤት ገብቶ ገና ሳይቀመጥ፣ «ይህን በር ማነው እንዲህ አጣሞ የሰቀለው?» የሚል ሰው ነው። አመሻሽ ላይ ሥራውን ሲጨርስ እህቴን ይዞ እስከ ድልድዩ ይሄድ ነበር። መንገዱን ሙሉ የሰውን በርና መስኮት እያሙ ይስቃሉ፤ ሌላ መዝናኛ አያውቁም።

ከዚያ ታመመ። እግሩ አበጠ፣ ተጋድሞ መተንፈስ አቃተው፣ ነፍስ ግቢ ነፍስ ውጪ ሆኖ ሆስፒታል ገባ። ሻል ሲለው ሐኪሙ «የልብ ድካም ነው» አለው። ይህቺ ድካም የምትባል ቃል ናት ጉድ የሠራችን። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረው፤ መሮ ግን ልቡ እንደ ሰው ደክሞት የተቀመጠ መሰለው። ሰው ሲደክመው ምን ያደርጋል? ያርፋል፣ በቃ!

ነርሷ ግን በደንብ ነግራዋለች፤ አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ።

«አባባ፣ መተኛት አያብዙ። በየቀኑ ቀስ እያሉ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ። ከሰው ጋር እያወሩ መሄድ እስከቻሉ ድረስ አይፍሩ። ካቃተዎት ቆም ብለው ያርፋሉ።»

«እሺ የኔ ልጅ» አላት። ገና ከበሩ እንደወጣን ወደ እኔ ዞሮ፣ «እግሩ የተሰነጠቀ ወንበር ላይ ውጣና ዝለልበት ትለኛለች እኮ!» አለኝ።

አንድ ቀን ብቻ ሞከረ። ወደ ሥራ ቦታው የሚወስደውን ዳገት እንደ ድሮው ልውጣ ብሎ ተጣደፈና መሀል ላይ ትንፋሽ አጠረው፤ ልቡ ደረቱን ይደልቀው ጀመር። አጥር ይዞ ቆመ። ሞቱን ያየ መሰለው። ከዚያ ወዲያ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ንቅንቅ አላለም። ውሃውን እህቴ ታቀርባለች፣ ካልሲውን እህቴ ታጠልቅለታለች። ተቀምጦ ተቀምጦ እግሩ ሰለለ፤ ከወንበሩ እስከ አልጋው ሲሄድ ማለክለክ ጀመረ። ይህንንም «አላልኳችሁም?» እያለ ማስረጃ አደረገው። እኔ እቆጣው ነበር።

እህቴ ግን አትቆጣውም። አመሻሽ ሲሆን ሹራቧን ደርባ በሩ ላይ ትቆማለች።

«መሮ፣ እስከ ድልድዩ?»

«ዛሬ ይቅርብኝ።»

ብቻዋን ትሄድና ወሬ ይዛለት ትመጣለች። «የጥጉን አዲስ ቤት በሩን ብታየው! ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሰቀለው። ነገ መጥተህ ሳቅበት።» ይህን ስትለው ዓይኑ በራ ይላል፤ እኔም ነገ ይነሣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። አልተነሣም። ቆይቶ እሷም መጠየቁን ተወችው። በሩ ላይ ትንሽ ትቆምና ትወጣለች።

ለእሱ ልብ ስንሳቀቅ ሞት በእሷ መጣ። ትኩሳት ብላ ተኛች፤ ሳምንት ሳይሞላት አጣናት።

የቀብሩ ቀን ለመሮ መኪና ለምኜ የፊቱን ወንበር አስለቅቄለት ነበር። ዘወር ብል መኪናው ውስጥ የለም። ከሬሳ ሣጥኑ ኋላ በእግሩ ይሄዳል። ሮጬ ደረስኩበት።

«ጋሼ፣ ልብህ! መኪናው ይኸው።»

በእጁ ከለከለኝ። ሲያቅተው ትከሻዬን ይዞ ይቆማል፤ ትንፋሹ ሲመለስ ይቀጥላል። ልክ ነርሷ እንዳለችው። በአዲሱ ቤት በር በኩል ስናልፍ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ድልድዩንም አለፍነው፤ መቃብሩ ከድልድዩ ማዶ ነው።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ ሲደርስ መደገፊያው ላይ ተቀመጠ። ደነገጥኩ።

«አመመህ?»

የጠፋበትን ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ደረቱን በእጁ ዳበሰ።

«አላመመኝም» አለ። ከዚያ ወደ መቃብሩ ዞረ። «አላመመኝም እኮ! መቃብር ድረስ ሄጄ መጣሁ። እሷ የለመነችኝ እስከዚህ ብቻ ነበር።»