የመጨረሻዎቹ ሁለት ቫዮሊኖች

ጎረቤቴ ካላዩ ቅዳሴ ሲያስቀድስ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አይርቅም። ጫማውን ከሌሎቹ ጫማ ለይቶ፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ ያኖራል፤ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሕዝቡን ሳያሰናብት እሱ ከቅጥሩ ወጥቷል። በዚህ ወቅሼው አላውቅም። በሕፃንነቱ፣ በዚያ በረኃቡ ዘመን፣ ከአባቱ ጋር ሱዳን፣ ወድ ኤል ሒለው የስደተኞች ሰፈር የደረሰ፣ በጎልማሳነቱ ደግሞ ከካርቱም ጦርነት ወደዚህ ወደ ገዳሪፍ ከተማ የሸሸ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ ከቤቱ የተነቀለ ሰው ዐይኑን ከበር ባያነሣ አይፈረድበትም።

ካላዩ ካርቱም ሳለ በየሰርጉ ቤት ቫዮሊን ይጫወት ነበር። የሱዳን ዘፈን ያለ ቫዮሊን አይቆምምና እንጀራው እሱ ነበረ። ተኩሱ በሰፈራቸው በተጀመረ ቀን ቫዮሊኑን አንሥቶ ባገኘው ሎሪ ተሳፈረ። ባለቤቱ ብፅአት በዚያ ሰዓት ገበያ ነበረች። እርሷም ከሰው ሰው እየተጠጋች፣ ብዙ ተንገላትታ፣ ዘግይታ ገዳሪፍ ደረሰች። ከደጅ ቆማ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው።

«ቫዮሊኑ ደኅና ገባ?»

ከዚያ ወዲህ የመኪና ጎማ በፈነዳ፣ ውሻ አብዝቶ በጮኸ ቁጥር ከመንደሩ ቀድሞ ተነሥቶ የሚሮጠው ካላዩ ሆነ። ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ የሚነዳው እስማኤል፣ «እኛ ሬዲዮ ምን ያደርግልናል? ካላዩ ከሮጠ ወሬው ገብቷል ማለት ነው» እያለ ያሥቅበታል። ብፅአትም በሰው ፊት አብራ ትሥቅ ነበር። ቤት ሲገቡ ግን ስለ መንገዷ አንዲት ቃል አታነሣም። ካላዩን ከሰው ሣቅ ይልቅ የከበደው ይህ ዝምታ ነበር።

ባለፈው ክረምት ሉጥፊ የሚባል ሱዳናዊ የሙዚቃ መምህር፣ እርሱም ከካርቱም የተፈናቀለ፣ በከተማው መሣሪያ ያለውን ሰው ሁሉ እየፈለገ ሰበሰበ። የሰሊጡ አዝመራ ገና ነበርና አንድ ነጋዴ ባዶ መጋዘኑን ፈቀደላቸው። እኔም ካላዩ እየለመነኝ ልምምዳቸውን ለማየት እሄድ ጀመር።

«ኦርኬስትራ እንደ ሰው ልጅ ቀስ ብሎ ነው ያደገው» ይላቸው ነበር ሉጥፊ። «በጥንቱ የሙዚቃ ደራሲ በሃይድን ዘመን በአንድ መስፍን ቤት የሚያድር ትንሽ ቤተሰብ ነበር፤ ባለ ክሮቹ መሣሪያዎች፣ ከሚነፉት ጥቂት ኦቦ፣ ጥቂት ቀንድ። ቤትሆቨን ትልልቆቹን ጥሩንባዎች፣ ትሮምቦኖቹን፣ ወደ ሲምፎኒው አስገባ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት እየጨመሩ እየጨመሩ መድረኩን በመቶ ሰው ሞሉት። እኛን ድህነታችን ወደ ሃይድን መልሶናል። አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ዘመን ነው።»

ኦቦ የሚባለው መሣሪያ በከተማው ስላልተገኘ በክላርኔት ተተካ። የቀንዶቹን ድርሻ የፖሊስ ባንድ ሁለት ነፊዎች በመለከት ያዙት። እኔ የባዕድ ሙዚቃ አላውቅም፤ ነገር ግን አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ሲቀበል፣ ሁሉም የየራሱን ይዞ ከአንድ ቦታ ሲደርስ፣ ማኅሌት የቆምሁ ሰው ነኝና እንግዳ አልሆነብኝም።

ሉጥፊ የመረጠላቸው ሃይድን ስለ ሙዚቀኞቹ ናፍቆት የጻፋትን ሲምፎኒ ነበር። መስፍኑ በገጠር ቤተ መንግሥቱ ክረምት ከበጋ ሊቆይ ሆነ፤ የሙዚቀኞቹ ሚስቶች በከተማ ቀርተዋል፤ ደፍሮ አሰናብተን የሚል ጠፋ። ሃይድንም የመጨረሻውን ክፍል እንዲህ አድርጎ ሠራው፦ እያንዳንዱ ሙዚቀኛ ድርሻውን ሲፈጽም ሻማውን አጥፍቶ፣ መሣሪያውን ይዞ ይወጣል። በመጨረሻ ሁለት ቫዮሊኖች ብቻ ይቀራሉ፤ እነርሱም ቀስ እያሉ ዝም ይላሉ። መስፍኑ ነገሩ ገባውና በማግሥቱ ጓዙ ተነሣ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ተመለሰ።

ለእነዚያ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቫዮሊኖች ሉጥፊ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገችውን ዩስራን እና ካላዩን መረጠ። የቫዮሊን መምቻ ቀስታቸው ከሁሉ ለስላሳ ነው አለ። ካላዩ በዚያው ምሽት ቤቴ መጣ።

«የኔታ፣ ለሉጥፊ ይንገሩልኝ፤ ለሌላ ሰው ይስጠው።»

«ለምን? አቃተህ?»

«መጫወቱስ አላቃተኝም። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሲወጣ እያየሁ ቁጭ ማለት ነው ያቃተኝ። እግሬ እሺ አይለኝም።»

«ብፅአት ትመጣለች?»

«ትመጣለች እንጂ። የከፋው እሱ አይደል?»

«ተነሥተህ ብትወጣ ምን ትልሃለች?»

አንገቱን ደፋ። «ምንም አትለኝም» አለ።

አልነግርልህም አልሁት። እንዲጸልይ፣ እንዲለማመድ መክሬ ሸኘሁት። ካላዩም ቤቱ ከሄደ በኋላ እንደ ጨከንሁበት ተሰማኝ፤ ቃሌን ግን አላጠፍሁም።

ፍልሰታ በተፈታ በመጀመሪያው ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ፣ መጋዘኑ በሰው ሞላ፤ ሐበሻውም፣ ከካርቱም የተፈናቀለውም፣ ከዶካ ከተማ በአውቶቡስ የመጣም ነበረ። ሉጥፊ ሙዚቀኞቹ ለምን እንደሚወጡ ሊያስረዳ ከፊት ሲቆም ዝናቡ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ወረደ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየን፤ አንድም ቃል አልሰማንም። እርሱም የተሰማ መስሎት እጅ ነሥቶ ቼሎ የሚባለውን ትልቅ ቫዮሊን ይዞ ተቀመጠ።

የሲምፎኒዋ ሦስት ክፍሎች በዝናቡ ውስጥ አለፉ። አራተኛው በፍጥነት ተጀምሮ መካከሉ ላይ ሲረጋ ዝናቡም አባራ። ዜማው እጅግ ያማረ ነበር። በዚህ ጊዜ መለከት ነፊው ፖሊስ፣ የደንብ ልብሱን እንደ ለበሰ፣ ከክላርኔቱ ተጫዋች ጋር ተነሥቶ በጎን በር ፈጠን ብሎ ወጣ።

ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ «ፖሊሱ ወዴት ነው?» አለች።

«ስልክ ተደውሎለት ይሆናል» አላት ባሏ።

ሌላው ፖሊስ ተከተለ። የኮንትራባሱ ተጫዋች ተነሣ። ሉጥፊ ራሱ ቼሎውን አቅፎ ሹልክ ሲል ሕዝቡን ልቡ ከዳው። የድሮን ድብደባ ወሬ ከሰሞኑ አልጠፋም ነበር። ጦርነት አምልጦ የመጣ ሰው፣ ፖሊስና አለቃ ዝም ብለው ሲወጡ ምን ማለት እንደሆነ አስተማሪ አያሻውም። ወንበር ተንኳኳ፤ እናቶች ልጆቻቸውን አነሡ፤ ሰው ሁሉ ወደ ዋናው በር ተገፋ። በሩም ከሁለት ሰው በላይ አያሳልፍም።

የቪዮላው ተጫዋችም ወጣ። ካላዩና ዩስራ ብቻ ቀሩ። የካላዩ ተረከዝ ከመሬት ሲነሣ ከተቀመጥሁበት አየሁት፤ ዐይኑም ጎን በሩ ላይ ነበር። ዩስራ ቀስቷን ሳታቆም ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«ዐሞ፣ ኸሊክ መዓይ» አለችው። «አጎቴ፣ አጠገቤ ሁን፤ ብቻዬን እንዳትተወኝ።»

ካላዩ ዐይኑን ጨፈነ። ተረከዙ ወረደ። ቫዮሊኑም ከጩኸቱ በታች፣ ሳይቋረጥ፣ ቀጠለ።

ብፅአት በግፊያው በሩ ዘንድ ደርሳ ነበር። ባሏ እንደ ልማዱ ቀድሞ ወጥቷል ብላ ይመስለኛል፣ በደጁ በኩል ስትፈልገው ቆየች። ኋላ ዘወር ስትል አየችው። ክንዷን በበሩ መቃን ላይ አጋድማ መንገዱን ዘጋች።

«ወዴት ነው የምትጋፉት? ካላዩ ቁጭ ብሏል እኮ።»

«የቱ ካላዩ?» አለ እስማኤል ከመካከል።

«ስንት ካላዩ አለ? የኔው ነዋ።»

እስማኤል በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ አየ። ከዚያም በአማርኛም በዐረብኛም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ ተመለሱ፤ ካላዩ ከተቀመጠማ ምንም የለም» አለ።

በመጀመሪያ ሰፈርተኛው ሣቀ፤ እሱን የማያውቁትም ሣቁን አምነው ቆሙ። ግፊያው ላላ፤ ማንም አልተረገጠም፣ ማንም አልወደቀም፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይሁን። ሰው የቆመ ቆሞ፣ የተቀመጠ ተቀምጦ ሁለቱን ቫዮሊኖች ሰማ። ድምፃቸው እየሳሳ ሄደ፤ የትኛው የመጨረሻው እንደነበረ ለይቼ ልናገር አልችልም።

ሉጥፊ ከደጅ ሮጦ ገብቶ ግራና ቀኝ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ። ፖሊሶቹ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆመው ሐብሐብ ሲበሉ ተገኙ። ዩስራም ከጓደኞቿ ጋር ወጣች። ካላዩ ግን ከወንበሩ አልተነሣም። ብፅአት በባዶዎቹ ወንበሮች መካከል መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። እኔ ምርኩዜን እየፈለግሁ ነበርና ሰማኋቸው።

«ደከመህ?»

«እግሬ ዝሏል። ትንሽ እንቆይ።»

«እንቆይ» አለች። «ያን ቀን ገበያ የቆየሁት ሽንኩርት ተወዶ ስከራከር ነው። ተኩሱን ስሰማ ሽንኩርቱን እንኳ አልጣልሁትም። እስከ መደኒ ከተማ ይዤው ሄድሁ።»

«እስከ መደኒ?»

«እስከ መደኒ። ከዚያ ወዲያ ያለውንም ልንገርህ?»

«ንገሪኝ» አላት።

እኔም ምርኩዜን አግኝቼ፣ በሩን ሳላንጓጓ በቀስታ ገጠም አድርጌ ወጣሁ።