ርችት የታጨቀባት ንግሥት

ጌንዳ ባኢ ዕድሜዋን ሙሉ ወንድ ስታስቃጥል ኖራለች። አትደንግጡ፤ በየዓመቱ ለሂንዱዎቹ የዳሰራ በዓል የሚነደውን ባለ አሥር ራስ የአጋንንት ንጉሥ፣ ራቫናን፣ ከቀርከሃና ከወረቀት የምትሠራው እሷ ናት። በዚያች የሕንድ ራጃስታን ከተማ እንደ እሷ ለራቫና ጢም የሚያጎፍር የለም። ከሥራ የተረፋትን ጊዜ ሁሉ ደግሞ ለአንዲት የፊልም ተዋናይት፣ ለሚሻ ሳራን ሰጥታለች። ሚሻ ስታለቅስ ጌንዳ ታለቅሳለች፤ ሚሻ ስትጨፍር ጌንዳን ጉልበቷን ያማታል።

አንድ ቀን ጉማን ሲንግ ደጇ ላይ ቆመ። የንግሥት ክብር አስጠባቂ ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ የየዓመቱን ራቫና ከፍሎ የሚያሠራውም እሱ ነው። ማኅበሩ ሦስት መቶ አባላት፣ አንድ ማኅተምና ስፍር ቁጥር የሌለው ቁጣ አለው።

«ተዋናይቷን ሥሪልኝ» አላት። «ማክሰኞ ጠዋት አደባባይ ላይ አቃጥላታለሁ። የቴሌቪዥን ሰዎች ይመጣሉ።»

«ምን አድርጋ ነው ጌታዬ?»

«ንግሥታችንን ኬሳር ካንዋርን ሆና ስትተውን አዋርዳታለች።»

«ፊልሙን አዩት?»

«እንዲህ ያለ ቆሻሻ ፊልም አላይም። ርችቱን ሆዷ ውስጥ ጠቅጠቅ አድርጊው። እምቢ ካልሽ የዘንድሮውን ራቫና ለሌላ እሰጣለሁ።»

ኬሳር ካንዋር ማለት በጥንት ዘመን የከበባትን ጦር ዝሆን ላይ ተቀምጣ በስድብ ብቻ የመለሰች ንግሥት ናት። የክብሯ ጠባቂዎች ከስድቡ ውጭ የወረሱት ነገር አይታይም።

ራቫናው ከቀረባት ጌንዳ ምን ትበላለች? ሚሻን ደግሞ እንዴት በእጇ ለእሳት ትስጥ? ሁለት ቀን አለቀሰች፤ በሦስተኛው ቀርከሃ ፈለጠች። ሲኒማ ቤቱ ደጃፍ የተለጠፈውን የፊልሙን ፖስተር እያየች ቀዩን ቀሚስ፣ የአፍንጫ ቀለበቱን፣ ዘውዱን አንድ ሳታስቀር ሠራች። የሆነው ይሁን፣ ስትሞት እንኳ አምራ ትሙት ብላ።

ማክሰኞ ምስሏን የጫነው ጋሪ አደባባይ ገባ። ማኅበሩ ለጩኸት የሰበሰባቸው አሮጊቶች ከፊት ተሰልፈዋል። ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው እማማ ሱግኒ ቀና ብላ አየችና ራሷን ተከናንባ መሬት ሳመች። የቀሩትም ተከተሏት። አንዷ ለምስሏ የአበባ ጉንጉን አጠለቀችላት።

ጉማን ሲንግ ክብሪቱን ጫረ።

«አንተ ጉማን» አለችው እማማ ሱግኒ፣ «ንግሥቲቱን ልታቃጥል ነው?»

«ይቺ እኮ ተዋናይቷ ናት እማማ።»

«ታዲያ ዘውዱን ከየት አመጣችው?»

«ፊልሙ ላይ ደፍታዋለች።»

«አይተኸዋል እንዴ?»

ሦስት መቶ አንገት ወደ እሱ ዞረ። «ልብሷን አውልቁና...» ብሎ ጀመረ፤ ካሜራው ትዝ ሲለው የቀረውን ዋጠው። ክብሪቱ ጣቱን ለበለበውና ጣለው።

ጋሪው ሥር የቆመችው ጌንዳ ልቧ እስክስታ ወረደ። ደስታዋ ብዙም አልቆየ። አሮጊቶቹ የዘይት ኩራዛቸውን አብርተው፣ እየዘመሩ፣ የንግሥቲቱን እግር ሊዞሩ መጡ። የሆዷ ርችት ለአንድ ራቫና ተኩል ይበቃል። ማኅበሩ በጥላቻ ያቃተውን አሮጊቶቹ በፍቅር ሊጨርሱት ነው፤ ያውም ከነራሳቸው።

«ጌታዬ» አለች ጌንዳ የጉማንን እጅጌ ጎትታ፣ «ሆዷ ውስጥ ያለውን ረሱት?»

ጉማን ሲንግ ፊቱ አመድ መሰለ። ዘሎ ጋሪው ፊት እጆቹን ዘርግቶ ቆመ። «ማንም እሳት ይዞ ወደ ንግሥቲቱ እንዳይጠጋ! ከመጣችሁ በሬሳዬ ላይ ነው!»

ካሜራው ይህን ቀረጸ። አሮጊቶቹ እልል አሉ። በዜናው ጉማን ንግሥቲቱን በገላው የጋረደ ጀግና ሆነ፤ ከኋላው የሚሻ ሳራን ፊት ስክሪኑን ሞልቶ።

ኩራዞቹ ሲርቁ ጌንዳ ቀሚሱ ሥር ገብታ ርችቱን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረች። ጉማን ሰው እንዳያየው ጎንበስ አለ።

«የራቫናውስ ነገር ጌታዬ?» አለችው ከውስጥ።

«ሥሪው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል። ግን ሲያልቅ ፊቱ ማንን እንደሚመስል ቀድሜ እኔ ልየው።»

«እሺ ጌታዬ» አለች ጌንዳ፣ የንግሥቲቱን ቀሚስ ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ሳቋ እንዳያመልጣት።